ቁልፋችሁን ውሰዱልኝ

ለጅማ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት
ጅማ

ግልባጭ፦ ሱቅ፣ መጋዘን፣ ፋርማሲ፣ ክሊኒክ፣ ሆቴል፣ የግል ትምህርት ቤትና የቡና ንግድ ላላችሁ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የ37 ድርጅቶች ፓስወርድ በእኔ እጅ መኖሩን ስለማሳወቅ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

እኔ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ኮምፒዩተር እጠግናለሁ። ብዙ ደንበኞቼ ስሜን አያውቁትም። ስልካቸው ላይ «ኮምፒዩተር የሚሠራው ልጅ» ብለው ነው የመዘገቡኝ። ጸጉሬ ከሸበተ ቆይቷል፤ ልጅ መባሉን ግን አልጠላሁትም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንድ ደብተር ነው። ባለ 50 ሉክ፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት፣ ልጆች የሚማሩበት ዓይነት። ኢንተርኔት የሚያከፋፍለውን ራውተር ስተክል፣ ካሜራ ስገጥም፣ አዲስ ኮምፒዩተር ሳዘጋጅ ፓስወርዱን እዚያ ላይ እጽፋለሁ። እንዳልረሳው ብዬ ነው። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ደብተሩ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ባለፈው ክረምት ከፈረንጅ አራዳ ወደ መርካቶ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ረስቼው ወረድኩ። ዝናቡ አናት የሚበሳ ነበር፤ እየሮጥኩ ነው የገባሁት። ደብተሩ እንደሌለ ያወቅኩት ቁጭ ካልኩ በኋላ ነው። ያን ግማሽ ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ከሰዓት በኋላ የባጃጁ ልጅ ሽፋኑ ላይ ያለውን የሱቄን ማኅተም አይቶ፣ ሰው ጠይቆ መጣ። በፌስታል ጠቅልሎታል። «ወንድሜ፣ የልጅህን ደብተር ጥለህ ሄድክ» አለኝ። ውስጡን አልገለጠውም። እግዜር ይስጠው።

ማታ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። 37 ድርጅት። ከ37ቱ ውስጥ ባለቤቱ ራሱ ፓስወርዱን የሚያውቀው ስንቱ ነው ብዬ አሰብኩ። አራት ብቻ ናቸው። የቀሩት 33ቱ እኔ ነገ አንድ ነገር ብሆን ራውተራቸውን እንኳ መክፈት አይችሉም። እኔ ክፉ ሰው ብሆንስ? እሱን ለእናንተው ልተወው።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ።

በጅምላ የሚያከፋፍሉ አንድ ደንበኛ አሉኝ። ሰው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው፤ እኔም ሐጂ እላቸዋለሁ። መጋዘናቸው ሦስት ጓጉንቸር አለው። ቁልፎቹ በገመድ ታስረው ከሰደርያቸው ኪስ አይወጡም። ለልጃቸው እንኳ አይሰጡም። ልጁ 40 ዓመቱ ነው። ማታ ዘግተው ሲሄዱ ጓጉንቸሩን ሁለት ሦስቴ ሳብ ሳብ ሳያደርጉ ከበሩ አይርቁም።

እዚያው መጋዘን ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር ግን ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ነበር። ማን ስንት እንዳለበት፣ ለየትኛው ቸርቻሪ ምን እንደወጣ፣ የባንኩ፣ የግብሩ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። በብር ከተመነዘረ ከስኳሩና ከዘይቱ ይበልጣል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሒሳብ ሠራተኛዋ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ፋይሎቹ ስማቸው ተቀይሯል፤ ፒችትሪም እምቢ ብሏል» አለች። ፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራማቸው ነው። ስደርስ ሐጂ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ስክሪኑን ያያሉ፤ ያቺ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ። ኤክሴሉም፣ ዎርዱም፣ ፎቶውም ከስሙ ኋላ አራት የማይነበቡ ፊደላት ተቀጥለውበታል። በየፎልደሩ አንድ የጽሑፍ ፋይል አለ። ከፈትኩት። 980 ዶላር ክፈሉ ይላል። በ72 ሰዓት ውስጥ ከከፈላችሁ ግማሹን፣ 490።

ተረጎምኩላቸው። «ቅናሽ አለው እንዴ?» አሉ ሐጂ። ነጋዴ ናቸው።

ራንሰምዌር የሚባለው ይሄ ነው። የራስህን ፋይል እዚያው አንተው ቤት ውስጥ ይቆልፈውና ቁልፉን ይሸጥልሃል። በዚህ ዓይነት ደብዳቤና በዚህ ዋጋ የሚታወቀው ስቶፕ ይባላል፤ ዲጄቩም ይሉታል። ትልልቅ ኩባንያ አያሳድድም። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይገዛ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም በነፃ የሚያወርድ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል። እዚህም የሆነው ይኸው ነው። አንዱ ሠራተኛ የሠርግ ፎቶ ማሳመሪያ አውርዶ ነበር።

አንቲቫይረሱ የት ሄዶ ነው? እዚህ ጋ ነው የእኔ ጉድ የሚመጣው። ዊንዶውሱን የጫንኩት እኔ ነኝ። የተገዛ አይደለም። ማንቀሳቀሻውን ክራክ ለማስገባት ዲፌንደርን፣ የዊንዶውሱን የራሱን አንቲቫይረስ፣ አጠፋሁት፤ መልሼም አላበራሁትም። ባክአፑስ፣ መጠባበቂያ ቅጂውስ? ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነበራቸው፤ እንዲገዙት የመከርኩት እኔው ነኝ። ግን ሌት ተቀን እንደተሰካ ነው። ስለዚህ አብሮ ተቆለፈ።

ለሐጂ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እና ጓጉንቸሩን ከፍተህልኝ ነዋ የሄድከው» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

አልከፈሉም። ከፍሎ ፋይሉን ሳያገኝ የቀረ ሰው ብዙ ነው። ያዳነቻቸው ሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። ከአራት ወር በፊት የፒችትሪውን ዳታ በፍላሽ ገልብጣ ቦርሳዋ ውስጥ ረስታው ኖሯል። የቀረውን ከዱቤ ደብተርና ከደረሰኝ ቅጂ እያየች መልሳ ስታስገባ ስድስት ሳምንት ፈጀባት። በነዚያ ስድስት ሳምንታት «እኔ እኮ ከፍያለሁ» ያለው ቸርቻሪ ሁሉ እውነቱን ይሁን አይሁን ማንም ማረጋገጥ አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው የኮምፒዩተሩን ፍጥነት አይደለም። ቁልፉ ማን ዘንድ ነው እላለሁ። ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «አንተ ዘንድ» የሚል ነው።

አንተ ዘንድ ካልተባለ ደግሞ በለቀቀ ሠራተኛ እጅ ነው። ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ይዞ ይዞራል። ወንበር መለሰ ወይ፣ ስቴፕለር መለሰ ወይ፣ ብድር አለበት ወይ፤ አምስት ፊርማ። የኢሜይሉን ፓስወርድ የሚጠይቀው የለም። የማውቀው አንድ ሆቴል የቴሌግራም ቻናሉ የተከፈተው እንግዳ ተቀባይ በነበረች ልጅ ስልክ ቁጥር ነው። ልጅቷ አግብታ አዳማ ከገባች ሁለት ዓመት ሆናት። እስከ ዛሬ የምግብ ዋጋ ሲቀየር ለሷ ይደወልላታል። ደግ ልጅ ስለሆነች ታነሳለች።

ስለዚህ ለባለቤቶች የምለው ይሄን ነው። ኮምፒዩተራችሁ ላይ ሁለት መግቢያ ይኑር። አንዱ አድሚን ነው፤ ፕሮግራም የሚጭነው፣ የሚያጠፋው እሱ ነው። ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ሌላው ሠራተኛው በየቀኑ የሚሠራበት ተራ መግቢያ ነው። በዚህኛው የገባ ሰው ሳያውቅ አንድ ነገር ቢነካም አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ ይቀንሳል። ይህን ለማድረግ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ፓስወርዱ ረዘም ይበል። የማይገናኙ አራት ቃላት ተደርድረው ቢጻፉ ለማስታወስ ይቀላሉ፤ ለሰባሪ ግን ይከብዳሉ። የልጅ ስምና የልደት ዓመት አይሆንም፤ እሱን መርካቶ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። በየወሩ ቀይሩ የሚባለውን ተዉት። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ያን ምክር ትቶታል። በየወሩ ቀይር የተባለ ሰው የሚያደርገው መጨረሻው ላይ 1፣ 2፣ 3 እያለ መቀጠል ነው። መቀየር ያለበት ሰው ሲለቅ ነው፤ ወይም ሾልኳል ተብሎ ሲጠረጠር።

አሁን ወደ ባክአፕ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሌላው ሁሉ ቢከሽፍ የሚቀረው እሱ ስለሆነ።

በሰኔ 2009 ኖትፔትያ የሚባል ጥቃት ከዩክሬን ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ። የገባው በአንድ የሒሳብ ሶፍትዌር አፕዴት (ማሻሻያ) በኩል ነው። የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ ሜርስክ፣ ዕቃችን ጅቡቲ ሲገባ ስሙን ኮንቴይነሩ ላይ የምናየው፣ ሲስተሙ ወደቀ። 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒዩተር እንደገና ሊጭኑ ተገደዱ። የሁሉንም ሠራተኛ መግቢያ የሚያውቁት ሰርቨሮች በየአገሩ ነበሩ፤ አንዱ ያለውን ሌላውም ይዟል። ያ ባክአፕ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን እርስ በርሳቸው የተያያዙ ስለነበሩ አብረው ጠፉ። አንድ ብቻ ተረፈ፤ ጋና ያለው። ለምን ተረፈ? ጥቃቱ ሲመጣ መብራት ሄዶ ነበር።

ይህን ለደንበኞቼ ስነግር ሁሉም ይስቃሉ። መብራት መሄዱን የመረቀ ድርጅት ከሜርስክ ሌላ ሰምቼ አላውቅም። ዋናው ነገር ግን ያ ሰርቨር ያን ሰዓት ተነቅሎ እንደተቀመጠ ሃርድ ዲስክ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ኩባንያው የከሰረው ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል።

እናንተ ጋና መሄድ አያስፈልጋችሁም። ሁለት ኤክስተርናል ግዙ። አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ቤት ይሁን። ቅዳሜ ማታ የሱቁ ላይ ይገለበጥ፣ ይነቀል፣ ቤት ይሂድ፤ የቤቱ ሰኞ ይምጣ። ባለሙያዎች 3-2-1 ይሉታል፤ ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ፣ አንዱ ከቤቱ ውጭ። ያላችሁን አሟሉ፤ ሁለቱ ዲስክ ብቻ ቢሆን እንኳ ከሐጂ ጣጣ ያድናል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ዲስኩን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክታችሁ የባለፈውን ሳምንት ሒሳብ ክፈቱት። ካልተከፈተ ባክአፕ አላችሁ ማለት አይደለም። አንድ ትምህርት ቤት የሦስት ዓመት ባክአፕ ብሎ ያሳየኝ ፎልደር ውስጥ ያሉት በሙሉ ሾርትከት ነበሩ። የፋይሉን ምልክት እንጂ ፋይሉን አልገለበጡም።

ስለ መብራትና ነጎድጓድ ለጅማ ሰው ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ሰማዩ ሲያጉረመርም ሶኬቱን ብቻ አትንቀሉ። የስልክ መስመር ካላችሁ እሱንም ንቀሉት። ሞደም አቃጥሎ ቦርድ ድረስ የገባ መብረቅ አይቻለሁ፤ የኤሌክትሪኩ ገመድ ተነቅሎ ሳለ በስልኩ ገመድ ነው የመጣው።

አፕዴት። «ጥቅሌን ይጨርስብኛል» እያላችሁ እንደምታጠፉት አውቃለሁ። እኔም ሳጠፋላችሁ ኖሬያለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። በግንቦት 2009 ዋናክራይ የሚባል ራንሰምዌር ወደ 150 የሚጠጉ አገሮች ውስጥ ኮምፒዩተር ሲቆልፍ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሞልቶት ነበር። ያልጫነው ነው የተመታው። አምስት ኮምፒዩተር ካላችሁ አምስቱም ከኢንተርኔት ማውረድ የለባቸውም። ዊንዶውስ ውስጥ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ በውስጥ መስመር እንዲካፈሉት የሚያደርግ ማስተካከያ አለ። በሌሊት ጥቅል አንዱ ቢያወርድ ይበቃል። ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ ማይክሮሶፍት የተለመደውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 እንዳቆመ እወቁ። ከዚያ ወዲህ የተለየ ምዝገባ የሌለው ማሽን አዲስ ቀዳዳ ሲገኝበት ደፋኝ የለውም። ቢያንስ የባንክና የሒሳብ ሥራ የሚሠራበትን አስቀድማችሁ ቀይሩ።

ክራክን በተመለከተ አልሰብክም። የላይሰንስ ዋጋና የዶላር ነገር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ለደብዳቤና ለቀላል ሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ በነፃ ይሠራል። ዲፌንደር ከዊንዶውስ ጋር በነፃ ይመጣል። ክራኩ ዲፌንደርን አጥፋ ካለህ፣ ዘበኛውን አባርና ልግባ እያለህ ነው።

ካሜራ ለገጠማችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። የካሜራውን ምስል የሚቀዳው የዲቪአራችሁ ፓስወርድ አሁንም ከፋብሪካ የመጣው ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ፕሮግራም በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የሰበሰበው ከ60 የሚበልጡ የፋብሪካ ፓስወርዶችን ብቻ እየሞከረ ነው። ለሌባ መከታተያ ብለን የሰቀልነው ካሜራ ሌባው ራሱ የሚያየን መስኮት ሊሆን ይችላል። ካፌ ያላችሁ ደግሞ ለደንበኛ የምትሰጡት ዋይፋይና የካሸሩ ኮምፒዩተር አንድ መስመር ላይ አይሁኑ። ብዙ ራውተር ላይ የእንግዳ ዋይፋይ የሚባል አለ፤ እሱን አብሩት።

የስልኩ ነገር አጭር ነው። ቴሌግራማችሁ ላይ ሁለተኛውን ፓስወርድ አብሩ። በመልእክት የመጣላችሁን ቁጥር ለማንም አትንገሩ፣ የቴሌ ሠራተኛ ነኝ ቢልም። ቡና ለውጭ የምትልኩ፣ ገዢያችሁ «የባንክ ቁጥራችሁን ቀየራችሁ አይደል?» ብሎ ከጻፈ ኢሜይላችሁ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቶ ሊሆን ይችላል። በዚያው ኢሜይል አትመልሱ። በምታውቁት ስልክ ደውሉ።

አሁን ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ ልምጣ። የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ አዲስ ግዴታ አውጡልን አልልም። ሕጉ አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያዛል፤ ክሊኒኩንም፣ ትምህርት ቤቱንም ይመለከታል። ነጋዴው ላይ ሌላ ቅጣት ቢጨመር ኮምፒዩተሩን ደብቆ ወደ ዱቤ ደብተሩ ነው የሚመለሰው።

የምጠይቃችሁ አንድ ወረቀት ነው። የርክክብ ቅጽ። ቤት ሲከራይ ርክክብ አለ። መኪና ጋራዥ ሲገባ ርክክብ አለ። እኔ የሰው ቢሮ ገብቼ ራውተር፣ ሰርቨር፣ ካሜራ ተክዬ ስወጣ ግን ገንዘቤን ተቀብዬ እጅ ነስቼ ነው የምሄደው። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተዘጋጀ አንድ ገጽ ናሙና ጽሕፈት ቤቱ ቢያወጣልን ይበቃል። ምን ተተከለ፣ የፋብሪካው ፓስወርድ ተቀይሯል ወይ፣ አዲሱ ለማን ተሰጠ፣ ባክአፑ የት ነው፣ ማን ፈተነው። ከታች የባለቤቱና የባለሙያው ፊርማ። ፓስወርዱ ራሱ ቅጹ ላይ አይጻፍም፤ እሱ በፖስታው ውስጥ ነው የሚሆነው። ያው ቅጽ ሠራተኛ ሲለቅ ከክሊራንሱ ጋር ይያያዝ።

ፈቃድ ለማሳደስ ሰው ተሰልፎ በሚውልበት ሰሞን ወረቀቱ በእጅ በእጁ ቢሰጥ መልካም ነው። አዳራሽ ከፈቀዳችሁልኝ ግማሽ ቀን ያለ ክፍያ አስረዳለሁ፤ ሌሎችም ጠጋኞች አብረውኝ ለመምጣት ቃል ገብተዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያሉ ተማሪዎችም ለልምምድ ሲወጡ ሁለት ሁለት ሆነው አንድ አንድ ሱቅ ቢይዙ እነሱም ይማራሉ፣ ሱቁም ይጠቀማል።

እስከዚያው እኔ ጀምሬያለሁ። ደብተሩን ይዤ ከደንበኛ ደንበኛ እየዞርኩ ነው። የአንዱ ፓስወርድ በባለቤቱ እጅ ሲቀየር ገጹን ቀድጄ እዚያው እሰጠዋለሁ። እስካሁን ዘጠኝ ገጽ ወጥቷል። አንዱ ነጋዴ «ሥራ ልትለቅ ነው እንዴ?» ብሎ ደነገጠ። ሌላዋ ፖስታውን ተቀብላ ቁርዓኗ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ማንም አይነካውም ብላ።

የጀመርኩት ከሐጂ ነው። አዲሱን መግቢያ አዘጋጀሁና ኪቦርዱን ወደሳቸው ገፋ አደረግኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። አንድ ፊደል ሊነኩ ሲሉ ጣታቸውን አንሥተው ቀና ብለው አዩኝ።

«ፊትህን አዙር» አሉኝ።

አዞርኩ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ኮምፒዩተር የሚሠራው ልጅ
መርካቶ፣ ጅማ